ሞተሩ ስንት ነው? ማርሹስ?

አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሻጩ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው። «ሞተሩ ስንት ነው?» ይላል። ሻጩም ቍጥሩ ትልቅ የሆነ እንደ ሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ «ቤንዚን አትበላም» የሚል ማባበያ ጨምሮ ይመልስለታል። ሁለተኛው ጥያቄ ማርሹን የሚመለከት ነው፤ በእጅ የሚቀየር ነው ወይስ አውቶማቲክ? አምስት ነው ወይስ ስድስት? ከዚያ በኋላ ገዢው ሁለቱን ቍጥሮች በልቡ ይዞ መኪናዋን መዞር ይጀምራል። ዐይኑ ላሜራውን ቢያይም ልቡ የሚመዝነው እነዚያኑ ሁለት ቍጥሮች ነው።

ይህን ነገር እንዳነሣ ምክንያት የሆነኝ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ሰሞኑን የላከልኝ መልእክት ነው። ጓደኛዬ በአንድ የዕቃ ማከማቻ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በነዚህም ዓመታት ከቤት ኪራይና ከምግቡ የተረፈው ገንዘብ ለእናቱ መጦሪያና ለእኅቶቹ ትምህርት ሲውል ቆይቷል። ዘንድሮ ታናሽ እኅቱ ተመርቃ ሥራ ስለ ያዘች፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ብቻ የሚሆን ነገር ለመግዛት ቈርጧል። ሊገዛ ያሰበውም ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ አሮጌ የስፖርት መኪና ነው። እናቱ ቢሰሙ «ሁለት ሰው ብቻ? እንግዳ ሲመጣስ የት ይቀመጣል?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን አልፈርድበትም።

ከፊቱ ሁለት መኪናዎች ቀርበውለታል። ሁለቱም ማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ የሚባሉት፣ ሁለቱም የሁለተኛው ትውልድ ሥራዎች ናቸው። አንደኛዋ ሞተሯ 1.6፣ ማርሿ አምስት፤ ሁለተኛዋ ሞተሯ 1.8፣ ማርሿ ስድስት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። «አንተ ፊዚክስ ተምረሃል፤ የቱን ልውሰድ?» ይለኛል። ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ መካኒክ የሚመስላቸው ወዳጆች ለሁላችንም አሉን። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀልድ አይደለም፤ ገንዘቡ የስድስት ዓመት የሌሊት ሥራ ትራፊ ነው፤ ቢሳሳት ሁለተኛ የሚገዛበት የለውም።

ነገሩ የጀርመን ነዋሪ ጕዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ወደ አገራችን ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው የሚመርጠው ቀደም ብለው ከገቡት መካከል ነው። ቪትዝ የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ግን ዛሬም «ባለ አንድ ሺው ይሻላል ወይስ ባለ አንድ ሺ ሦስት መቶው?» እያለ ይጨነቃል። የጥያቄው ሥር አንድ ነው። በውጭ አገር ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ እንደ ልባቸው የሚመርጡበት ሰፊ ገበያ አላቸው።

አስቀድሜ ስለ መኪናዋ ጥቂት ልናገር፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዞች ጣራ የሌላቸው ቀላል የስፖርት መኪናዎች ይሠሩ ነበር። ሲነዱ ደስ ያሰኛሉ፤ ነገር ግን ዝናም ያስገባሉ፣ ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ በየመንገዱ ይቆማሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ ያንኑ ዐይነት መኪና የማይበላሽ አድርጋችሁ ሥሩት ሲል ለማዝዳ ሰዎች ሐሳብ አቀረበ። ሥራውን የመራው ቶሺሂኮ ሂራይ የተባለው መሐንዲስ ነበር። መኪናዋ በየካቲት 1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየች። አሜሪካኖቹ ሚያታ ይሏታል። ሞተሯ ከፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ እግሯ ነው። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች፤ ጣራው ለሚታጠፍና ሁለት ሰው ብቻ ለሚይዝ የስፖርት መኪና ይህ ከዚያ በፊት ያልታየ ቍጥር ነው።

ሂራይና ጓደኞቹ ሲሠሯት የያዙት መመሪያ «ጂንባ ኢታይ» የሚል የጃፓን አባባል ነበር፤ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ሰው ትርጕም የሚያሻው አይደለም። ጉግስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ለጉግስ የሚፈለገው ፈረስ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሸመጥጠው ብቻ አይደለም፤ ልጓሙ ገና ሲነካ ታጥፎ የሚመለሰው፣ የጌታውን ሐሳብ ቀድሞ የሚያውቀው ነው። እንግዲህ ይህችን መኪና ለመምረጥ የሚነሣ ሰው የሚገዛው ምን ዐይነት ፈረስ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። የሰፊ ሜዳ ፈረስ አይደለችም።

አሁን ወደ ሞተሩ። 1.6 እና 1.8 የሚባሉት ቍጥሮች አራቱ ሲሊንደሮች ባንድነት የሚይዙትን መጠን በሊትር የሚናገሩ ናቸው። ብዙ ከያዘ ብዙ አየርና ቤንዚን ያቃጥላል፤ ብዙ ካቃጠለ ብዙ ኀይል ይሰጣል። በሁለተኛው ትውልድ፣ ማለት ከ1998 እስከ 2005 በተሸጡት ላይ፣ በአውሮፓ ገበያ ትንሹ ሞተር 110 የፈረስ ጕልበት ነበረው። ትልቁ 140 ነበረው፤ ከ2001 ወዲህ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ጊዜውን እንዲለዋውጥ ስለ ተደረገ 146 ደርሷል። ቆማ ተነሥታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ትንሿ ወደ 10 ሰከንድ፣ ትልቋ ወደ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል።

የፈረስ ጕልበቱ ቍጥር ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ይህ ጕልበት የሚገኘው ሞተሩ እየጮኸ በደቂቃ ወደ 6,500 ጊዜ ሲዞር ነው፤ ሰው ደግሞ ወደ ሥራው ሲሄድ እንዲህ አድርጎ አይነዳም። ከፈረስ ጕልበቱ ይልቅ የማዞር ኀይሉን መጠየቅ ይሻላል። ትንሹ 134 ኒውተን ሜትር በ5,000 ዙር፣ ትልቁ 162 ኒውተን ሜትር በ4,500 ዙር ይሰጣሉ። ትርጕሙ ይህ ነው፤ ትልቁ ሞተር ሳይጮኽ ይጐትታል፣ ትንሹ ግን እንዲጐትት ከተፈለገ ሊጮኽ ይገባዋል። ባለ 1.6ቷን ቤንዚን መስጫዋን ፈርቶ በ2,500 ዙር የሚነዳት ሰው «ሰነፍ መኪና» ብሎ ይሸጣታል። ጠበቅ አድርጎ የሚይዛት ግን ይወዳታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ይህች መኪና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ፣ ሞተሯ እስከ 7,000 ዙር ቢወጣ፣ 100 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ትሄዳለች። በጀርመን አገር ከከተማ ውጭ ያለው የተራ መንገድ የፍጥነት ወሰን 100 ነው። እንግዲህ ፖሊስ ሳያስቆመው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሊጠቀምበት የሚችለው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሹ ሞተር እዚያ ሲደርስ ዘግየት ስለሚል ደስታው ረዘም ይላል። ጥቂት የሆነ ነገርን ጠርጎ መጠቀም ብዙውን ፈርቶ ከመያዝ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከፍራንክፈርት ሰሜን ምዕራብ የታውኑስ ኮረብታዎች አሉ፤ ከፍተኛው ጫፍ 880 ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በጫካ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ለእንደዚያ ያለው መንገድ 110 የፈረስ ጕልበት ለአንድ ቶን መኪና አያንስም።

አውቶባን በሚሉት ታላቅ ጐዳና ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በብዙው ክፍሉ ወሰን የለውም፤ በስተግራ ያለው መስመር የኀይለኞች ነው። ትንሿ እስከ 190 ገደማ ትደርሳለች ይባል እንጂ፣ በ130 ላይ ሳለች ዳገት ቢመጣባትና ከባድ መኪና መቅደም ቢያስፈልጋት የተረፈ ኀይል አታገኝም። በየቀኑ በዚያ ጐዳና ላይ ሠላሳና ዐርባ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 1.8ቷን ቢመርጥ ልክ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ምክንያት ሊተወው ይችላል። ጓደኛዬ ወደ ሥራው የሚሄደው በባቡር ነው።

ስለ ሞተር መጠን ሲነገር እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ከሌላው የተለየ ሒሳብ አለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ጕልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፍራንክፈርት ላይ 140 የነበረው 1.8 እዚህ ቢመጣ ወደ 110 ገደማ ይወርዳል፤ ይኸውም የዚያ አገሩ 1.6 ሆነ ማለት ነው። የጀርመንን ወይም የጃፓንን መጽሔት አንብቦ «ትንሹ ይበቃል» የሚል ሰው ሽሮ ሜዳን ከአራት ሰው ጋር ሲወጣ ያነበበውን ይረሳዋል። በአዲስ አበባ ላይ ትልቁን ሞተር መፈለግ ጕራ አይደለም።

ማርሹን በሚመለከት የተሳሳተ እምነት ከሞተሩ ይልቅ የበዛ ነው። ማርሽ ማለት ድንጋይ ለመፈንቀል እንደምንጠቀምበት ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲረዝም ድንጋዩ በቀላሉ ይነሣል፤ ነገር ግን የሚነሣው ጥቂት ጥቂት ነው። አንደኛ ማርሽ ረጅሙ ዘንግ ነው፤ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው አጭሩ። ባለ ስድስቱ ከባለ አምስቱ የሚለየው በአንድ ተጨማሪ ደረጃ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህ ተጨማሪ ደረጃ ከላይ የተቀጠለ፣ በታላቁ ጐዳና ላይ ሞተሩን ዝም የሚያሰኝ ማርሽ ነው ብሎ ነው። በዚህች መኪና ላይ ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። በባለ አምስቱ ላይ የመጨረሻው ማርሽ ቍጥር 0.814 ነው። በባለ ስድስቱ ላይ የመጨረሻው 0.843 ነው። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ስለዚህ ማርሹን ብቻ ካየን አምስተኛው ከስድስተኛው የበለጠ ዝምተኛ ነው! ነገሩን የሚያስተካክለው ከኋላ ያለው ዲፈረንሲያል ነው። ይህም እንደ ዓመቱና እንደ ተሸጠችበት አገር 4.3፣ 4.1፣ 3.9 ወይም 3.6 ሆኖ ይገኛል። አምስተኛውን ማርሽ በ4.1 ብናባዛው 3.34 ይሆናል፤ ስድስተኛውን በ3.9 ብናባዛው 3.29። ጎማዋ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.80 ሜትር ያህል ይሄዳል ብለን ብንይዝ፣ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ባለ አምስቷ በደቂቃ ወደ 3,700 ዙር፣ ባለ ስድስቷ ወደ 3,650 ዙር ትዞራለች። ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም። ዲፈረንሲያሉ ባለ 3.6 ከሆነ ብቻ ወደ 3,400 ገደማ ይወርዳልና ያን ጊዜ ጥቂት እፎይታ ይሰማል።

እንግዲህ ስድስተኛው ማርሽ ለምን መጣ? በመካከል ያሉትን ደረጃዎች ለማቀራረብ ነው። በባለ አምስቱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ ቍጥሩ ከ1.888 ወደ 1.330 ይወርዳል። በባለ ስድስቱ በዚያው ስፍራ 2.269፣ 1.645፣ 1.257 እያለ በትናንሽ እርምጃ ይሄዳል። ዳገት ላይ ወይም በውድድር ሜዳ ሞተሩን ከሚወደው ዙር ሳያወርዱ ለመያዝ ይጠቅማል። በከተማ ግን ሥራ ያበዛል፤ እጅ ከማርሹ፣ እግር ከፍሪሲዮኑ አይለይም። ስድስተኛ ማርሽ አላት ስለ ተባለ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ስለ ዲፈረንሲያሉ ይጠይቅ። ከ2015 ጀምሮ በወጣችው በአራተኛዋ ትውልድ ላይ ስድስተኛው ማርሽ ቍጥሩ ልክ 1 ነው፤ ይኸውም በአሮጌዋ ላይ የአራተኛው ቍጥር ነበር። ማርሽ መቍጠር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ከዚህ ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ በሒሳብ አይገኝም። የዚህች መኪና የማርሽ ዘንግ አጭር ነው፤ ከካምቢዮው በላይ በቀጥታ የተተከለ ስለ ሆነ፣ እጅ አንጓውን ብቻ ነቅነቅ ሲያደርግ ማርሹ ይገባል። ባለ አምስቱን የማዝዳ ሰዎች ራሳቸው ሠርተውታል፤ ባለ ስድስቱ የመጣው አይሲን ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ብዙ ነጂዎች ባለ አምስቱ ይለሰልሳል፣ ባለ ስድስቱ ይጠነክራል ይላሉ። ሞተሩን አጠንክሮ ለውድድር ለሚያበቃት ሰው ጥንካሬው ዋጋ አለው፤ እንዳለች ለሚነዳት ግን ሁለቱም ይበቃሉ። በአሜሪካና በጃፓን አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክም ተሸጧል። የሚገዛው ሰው እግሩን የሚያመው ከሆነ መልካም ነው፤ ከዚህ ውጭ ግን ይህችን መኪና በዚያ አውቶማቲክ መግዛት ሰጋር በቅሎ አስጭኖ ጉግስ እንደ መውጣት ነው።

ስለ ግብሩም ልናገር፤ ጓደኛዬ «ትልቁ ሞተር ግብር ያስከፍለኛል» ብሎ ፈርቷልና። በጀርመን ከሐምሌ 2009 በፊት ለተመዘገቡና የጭሳቸው ደረጃ ዩሮ 3 ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ የቤንዚን መኪናዎች፣ በየ100 ሲሲው 6 ዩሮ ከ75 ሳንቲም በዓመት ይከፈላል፤ መቶው ባይሞላም እንደ ሞላ ይቈጠራል። ትንሹ ሞተር 1,600 ሊሞላ ጥቂት ስለሚጐድለው 16 ጊዜ ይባዛል፤ 108 ዩሮ። ትልቁ 1.8 ቢባልም በትክክል 1,839 ሲሲ ስለ ሆነ 19 ጊዜ ይባዛል፤ 128 ዩሮ ገደማ። በዓመት የ20 ዩሮ ልዩነት ምርጫን ሊወስን አይገባውም። በኛ አገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የሞተር መጠንና የመኪና ዕድሜ ያስከተሉትን ጭነት ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ለጓደኛዬ የላክሁለት መልስ ግን ከሁለቱ ቍጥሮች በአንዱም አልጀመረም። የጀመረው በዝገት ነው። ጀርመኖች በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ፤ ጨው ደግሞ የላሜራ ጠላት ነው። የዚህች መኪና በሽታ የታወቀ ነው። ከበሩ ሥር ያለው አግዳሚ ሣጥን፣ በተለይ ከኋላ እግር ፊት ለፊት ያለው ጫፉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ምክንያቱም ከሚታጠፈው ጣራ የሚወርደው ውሃ መውረጃ ቱቦው በቅጠል ሲደፈን እዚያው ይጠራቀማል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ከፊት በኩል ሞተሩን የሚሸከሙት ሁለቱ የሣጥን ብረቶች ከሥር ይበሰብሳሉ። ከላይ ቀለም ተቀብታ ስታበራ ይህ አይታይም። ሞተር ቢሞት ከተሰበረች መኪና ሌላ ተገዝቶ ይገባል፤ ካምቢዮም እንዲሁ። የበሰበሰ አጥንት ግን ተቈርጦ፣ ተበይዶ፣ ተቀብቶ የሚያስወጣው ገንዘብ መኪናዋን ከገዙበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱም አጥንታቸው ደኅና ከሆነ 1.8ቷን ይውሰድ፤ ለስድስተኛው ማርሽ ብሎ ሳይሆን ሞተሩ ሳይጮኽ ስለሚጐትት ነው። 1.8ቷ ከሥሯ ዝገት ካላት፣ 1.6ቷም ንጹሕ ከሆነች፣ ያለ አንዳች ማመንታት 1.6ቷን ይውሰድ። ሁለቱም ከዛጉ ሁለቱንም ይተዋቸው፤ ስድስት ዓመት የታገሠ ሰው ሁለት ወር መታገሥ አያቅተውም።

ሊያያት የሚሄድ ሰው በማለዳ ቢሄድና ሞተሯ ሳይሞቅ ቢያገኛት መልካም ነው። አስነሥቶ፣ ጥቂት ሄዶ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ይቀይር፤ በቀዝቃዛ ዘይት ጥቂት እንቢ ማለቷ የተለመደ ነው፣ ከሞቀች በኋላም ከፈጨች ግን ካምቢዮው ደክሟል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጣት ሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይያዝ፤ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ የሚገፋው ትንሹ የዘይት ሲሊንደር ያፈስሳል፤ ይህ በዚህች መኪና ላይ የተለመደ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ ከሻጩ ጋር ለመከራከሪያ ግን ይጠቅማል። የቺንጋው መቀየሪያ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ መቼ እንደ ተቀየረ ደረሰኙን ይጠይቅ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው፣ ቡና ጠጥቶ አመስግኖ፣ በሌላ ቀን ሳይነግረው ይመለስ።